ገባ ወይስ አልገባም?

አባቶች «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ሲሉ ነገሩ እንዲህ ቃል በቃል ይፈጸማል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም። ዛሬ ገንዘብ በእርግጥ በሰማይ ይሄዳል። ደንበኛው ባንኮኒው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ (QR) የሚባል ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘን በስልኩ ካሜራ ሲያስነብብ፣ ገንዘቡ ከስልኩ ይነሣል፤ በየትኛው ማሽን ሆድ ውስጥ እንደሚያልፍ ሳይታወቅ ዞሮ ዞሮ፣ ደንበኛው እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ባለሱቅ ስልክ ላይ ያርፋል። ወይም አያርፍም። ሰማዩም የራሱ የትራፊክ መጨናነቅ አለበት።

ባለሱቁ «ገባ?» ብሎ ስልኩን ይጠይቃል። ስልኩ ዝም ይላል። ደንበኛው «ከእኔ ወጥቷል» ይላል። ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ያልገባ ገንዘብ በዚያች ቅጽበት የት ነው ያለው? የማንስ ነው? ፈላስፎች ዕድሜ ልካቸውን ሊከራከሩበት የሚችሉት ጉዳይ ባንኮኒ ላይ፣ ያውም ከኋላ ሰልፉ እየረዘመ፣ ዕቃው በፌስታል ታስሮ ሳለ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እልባት ይጠበቅበታል።

የሚገርመው ይህ ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘን ሲወለድ ከገንዘብ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን ዴንሶ በተባለው ኩባንያ ውስጥ መሐንዲሱ ማሳሂሮ ሃራ ከባልደረባው ጋር የሠራው ለመኪና መለዋወጫ ነው። አንድ ባርኮድ ሃያ ያህል ፊደልና ቁጥር ብቻ ስለሚይዝ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች በአንድ ካርቶን ላይ የተደረደሩ ብዙ ባርኮዶችን አንድ በአንድ ማስነበብ ታክቷቸው ነበር። ሃራ መላውን ያገኘው ጎ የተባለውን ጨዋታ ጥቁርና ነጭ ጠጠሮች ሲመለከት ነው ይባላል። ማሽኑ ኮዱን ከሌላ ጽሑፍ ጋር እንዳያምታታው፣ በሦስቱ ማዕዘኖች ላይ ያሉት ትልልቅ ሳጥኖች በኅትመት ዓለም እምብዛም የማይገኝ መጠን ተመርጦላቸዋል። ጥቁሩና ነጩ 1 ለ 1 ለ 3 ለ 1 ለ 1 ሆኖ ይሰለፋል። ሰዎቹ ይህን ለማግኘት መጽሔቱን፣ በራሪ ወረቀቱን፣ የካርቶን ጽሑፉን ሁሉ ሲያገላብጡ ከርመዋል። ኩባንያውም የፈጠራ መብቱን ይዞ፣ ዓለም ግን ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። እንዲህ ያለ ጨዋ አስተዳደግ ያገኘ ምልክት ነው እንግዲህ እኛ እጅ የወደቀው። ፋብሪካ ውስጥ ነገሩ ቀላል ነበር፤ የተነበበ ዕቃ ተነበበ ነው። የመኪና ፍሬን «ልኬአለሁ እኮ፣ ምን ላድርግህ?» ብሎ አይከራከርም።

ባንኮኒው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይልም። የሚያውቀው የተቀባዩን ሂሳብ ነው። ስንት መከፈል እንዳለበት አያውቅም፤ ማን እንደከፈለ አያውቅም፤ ጭራሽ መከፈሉንም አያውቅም። ለእያንዳንዱ ሽያጭ እንደ አዲስ የሚፈጠር፣ የዋጋውን መጠንና የሽያጩን መለያ ቁጥር በሆዱ የያዘ ብልህ ኮድ አለ፤ ግን እሱ ማሳያ መሣሪያ ይፈልጋል። ወረቀቱ የሚፈልገው ፕላስተር ብቻ ነው። አነስተኛ ንግድ ደግሞ በዕውቀትና በፕላስተር መካከል ምረጥ ከተባለ ወደ ፕላስተሩ ያደላል፤ እኔም አልፈርድበትም።

እናም ወረቀቱ የማያውቀውን ሁሉ የማወቅ ኃላፊነት ባለሱቁ ላይ ወደቀ። ዱሮ ደንበኛ የሰጠውን የገንዘብ ኖት ወደ ብርሃን አንሥቶ መመርመር እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። ዛሬ የደንበኛውን ስልክ ተቀብሎ፣ መነጽር ሰክቶ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተቀባዩን ስም፣ የግብይት ቁጥሩን ድምፅ እያሰሙ ማንበብ ተራ ጨዋነት ሆኗል። ምክንያት አለው። የትናንት ክፍያ ስክሪንሾት የዛሬን ዕቃ ሊገዛ ይሞክራል። ደረሰኝ አስመስለው የሚያዘጋጁ መተግበሪያዎችም አሉ፤ ከእውነተኛው የሚለዩት ይበልጥ በማማራቸው ነው። በደንበኛው ስልክ ላይ የሚታየው ሁሉ ሥዕል ነው፤ ገንዘብ የሚባለው በራስ ሂሳብ ላይ የታየው ብቻ። ይህን ግን ለሃያ ዓመት ደንበኛ ፊት ለፊት መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የተናገረ ብቻ ነው። «አላምንህም» ላለማለት «ኔትወርኩን አላምነውም» ይባላል። ምስኪን ኔትወርክ፣ የስንቱን ጥርጣሬ ተሸክሞ ይኖራል።

የደንበኛውም ዓይነት ብዙ ነው። ስልኩን ብልጭ አድርጎ ባለሱቁ ዓይኑን ሳይከፍት ወደ ኪሱ የሚመልስ አለ። ዕቃው ሁሉ ተመዝኖ፣ ተጠቅልሎ፣ ታስሮ ካለቀ በኋላ «ባትሪዬ ሞቷል፤ ቻርጀር ይኖራችኋል?» የሚል አለ። ፎቶ ማንሣት ብቻ ነው የተባሉ አንድ አዛውንት፣ ኮዱን በጥንቃቄ አስተካክለው ፎቶ ካነሡት በኋላ አመስግነው ዕቃቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ «ጋሼ፣ ክፍያው?» ቢባሉ «አነሣሁት እኮ ልጄ!» ብለው ሥዕሉን አሳዩ። ሥዕሉ እውነትም ጥርት ያለ ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው አንድ ዜሮ አስበልጦ የሚልከው ነው። ሽያጩ ትንሽ፣ መልሱ ትልቅ ይሆናል። ባለሱቁ ትርፉን መልሶ ሲልክ ሚናው ይገለበጣል፤ አሁን «ከእኔ ወጥቷል» ባዩ እሱ ነው፣ «አልገባም» ባዩ ደንበኛው። ቅድም በኔትወርክ ሲምል የነበረው ደንበኛ አሁን ስክሪንሾት አላይም ይላል።

ባለንብረቱ በሌለበት ሥራው ይበልጥ ይደምቃል። ሂሳቡ የእሱ፣ መልእክቱ የሚደርሰው ለእሱ፣ ሻጯ ግን ተቀጣሪ ናት። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሽያጭ ትደውልለታለች። ሰውየው ቀብር ላይ ቆሟል እንበል። ካህኑ ጸሎት እያደረሱ ነው። ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ እጁን ወደ ኪሱ ሰዶ በጎን ያያል፤ «ገብቷል» ብሎ ያንሾካሹካል። አጠገቡ የቆሙት ስለ ሟቹ ነፍስ የተናገረ መስሏቸው «አሜን» ይላሉ።

ስለ ስም ጉዳይ ትንሽ ልቆይ። ክፍያው ከመጽደቁ በፊት የተቀባዩ ሙሉ ስም በደንበኛው ስልክ ላይ ብቅ ይላል። ገንዘቡ ወደ ሌላ ሰው እንዳይሄድ የተደረገ መልካም ጥንቃቄ ነው። የጥንቃቄው ዳፋ ግን ሌላ ነው። ዕድሜውን በቅጽል ስም ሲጠራ የኖረ ሰው አንድ ቀን ጠዋት መዝገብ ላይ ብቻ የሚያውቀው ስሙ በሰልፈኛው ሁሉ ፊት ይነበብለታል። «ይህ የማን ስም ነው?» ይባላል፤ «የእኔ» ይላል፤ አያምኑትም። መታወቂያ ያወጣ ሁሉ አለ። የባሰው ደግሞ ሂሳቡ በሚስቱ ስም የሆነው ነው። ከባንኮኒው ኋላ ተጎማልሎ፣ ሠራተኛ እየተቆጣ፣ «እኔ ይህን ንግድ ከባዶ ነው ያነሣሁት» እያለ ሲያወራ የኖረ ሰው፣ ደንበኛዋ ስልኳን ቀና አድርጋ «የሴት ስም ነው የመጣልኝ፤ ልላከው?» ትለዋለች።

«ላኪው» ይላታል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሷ እኔ ነኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅናሽ የሚፈልግ ሁሉ እሱን አልፎ «እመቤቲቱ የት ናቸው?» ይላል።

ወረቀቱ ራሱ ግን ትዕግሥተኛ ፍጥረት ነው። ፀሐይ ያነጣዋል፣ ዘይት ይፈስበታል፣ የባለሱቁ ልጅ በእስክሪብቶ ጢም ይሥልበታል፤ እሱ መነበቡን አያቆምም። ሲሠራ ስሕተት የሚያርም ስሌት ተጨምሮበታል፤ በከፍተኛው ደረጃ ከተዘጋጀ እስከ 30 በመቶ የሚሆነው መረጃ ቢበላሽ እንኳ የቀረውን አገናኝቶ ይናገራል። ባለሱቁ ከሒሳቡ አንድ በመቶ ቢጎድል እንቅልፍ የሌለው ሰው ነው፤ ሁለቱ ተቻችለው መኖራቸው ይደንቃል።

ይህ ትዕግሥት ግን ከሌባ አያድነውም። ሰው ሰውን በመልኩ ይለያል፤ አራት ማዕዘንን ከአራት ማዕዘን የሚለይ ዓይን ግን አልተፈጠረም። አንዱ ብልጥ የራሱን ኮድ አትሞ በባለሱቁ ኮድ ላይ ይለጥፍና ወደ ቤቱ ሄዶ ይተኛል። ሸቀጥ አይገዛም፣ ኪራይ አይከፍልም፣ ከደንበኛ ጋር አይጨቃጨቅም፤ ገንዘቡ ብቻ ይገባለታል። ነጋዴው እስኪነቃ ድረስ ለእንግዳ ሰው በነጻ ተቀጥሮ ይውላል፤ «ዛሬ ገበያው ደራ» እያለ ላቡን ይጠርጋል። ቻይና ይህን ዓይነቱን መከራ ቀድማ ስላየች፣ ማዕከላዊ ባንኳ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ አንድ ሰው በማይለዋወጥ የወረቀት ኮድ በቀን ሊከፍል የሚችለውን በ500 ዩዋን ወሰነው። ገደብ በሌለበት ቦታ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ባለሱቁ በየማለዳው የራሱን ኮድ በራሱ ስልክ ስካን አድርጎ፣ የሚመጣው ስም የራሱ (ወይም የእመቤቲቱ) መሆኑን ያረጋግጥ። የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። ሁላችንም መዝጊያውን እንቆልፋለን እንጂ ግድግዳውን አንፈትሽም።

ሕንዶች ለ«ገባ ወይስ አልገባም» ሌላ መላ ዘየዱ። የሚናገር ሳጥን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ክፍያ በደረሰ ቁጥር ሳጥኑ «ይህን ያህል ገብቷል» ብሎ ጮክ ብሎ ያውጃል። ባለሱቁ እጁ ሊጥ ቢሆን፣ መነጽሩ ቢጠፋ፣ ስልኩ ቤት ቢረሳ ግድ የለውም። ግሩም ነገር ነው፤ ስክሪንሾትን ከሥራ ውጭ አድርጓል። ችግሩ ሳጥኑ ምሥጢር አለመያዙ ነው። ነጋዴ ገቢውን ከጎረቤት ለመደበቅ ሲጣጣር በኖረበት ዓለም ደመወዝ እየተከፈለው የሚያሳጣውን አገልጋይ ገዝቶ ባንኮኒ ላይ ሰቀለ። አከራዩ «እግረ መንገዴን ነው» ብሎ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ጋዜጣ የሚያነብ ይመስላል። ሳጥኑ ያውጃል፤ አከራዩ ገጽ ይገልጣል። ሳጥኑ ይደግማል፤ አከራዩ በጣቱ ይቆጥራል። ሲነሣ ስለ ኑሮ መወደድ አንድ ሁለት ቃል ተናግሮ ነው የሚሄደው፤ ደብዳቤው በማግሥቱ ይደርሳል።

ነገሩ ሲጠቃለል የተጎዳው ሰበብ ነው። በጥሬ ገንዘብ ዘመን «ዝርዝር የለኝም» የሚባል የተከበረ ሰበብ ነበረን። ባለሱቁ በሱ አሳቦ ለመልስ ፈንታ ያልተጠየቀ ዕቃ ይሰጣል፤ ደንበኛው በሱ አሳቦ «በኋላ አመጣለሁ» ብሎ ይሰወራል። አራት ማዕዘኑ እስከ ሳንቲሙ ድረስ ቆርጦ የሚከፍል ሆኖ ይህን ወግ ገደለው። «ገበያ የለም» የሚለውም ሙያ ተጎዳ። እያንዳንዱ ሽያጭ ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ተቀምጧል፤ ሰውየው ፊቱን አጨፍግጎ «ዛሬም ባዶ ነው የዋልነው» ሲል ስልኩ በኪሱ ውስጥ ይታዘበዋል።

ግን የሰው ልጅ ሰበብ ነጥፎበት አያውቅም። ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ የዚያ ሱቅ ደንበኛ ሁሉ ኋላ ቀር ይሆናል፤ ስልክ የማያውቅ፣ በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ የማይከፍል፣ ደረሰኝ የማይፈልግ። «ኮዱን የለጠፍኩት ለጌጥ ነው ጌታዬ» ይባላል። ገንዘብ ተበዳሪ ወዳጅ ሲመጣ ደግሞ ያው ደንበኛ በአንድ ሌሊት ይሠለጥናል።

«በእጄ አንዲት ሳንቲም የለችም ወንድሜ፤ ሰው ሁሉ በኮድ ነው የሚከፍለኝ። ገንዘቡ ሁሉ እዚያ ሂሳብ ውስጥ ነው ያለው።»

«ውይ፣ ታዲያ ምን ችግር አለ?» ይላል ወዳጅ፣ ከኪስ ቦርሳው ውስጥ በላስቲክ የተለበጠች ትንሽ አራት ማዕዘን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠ። «ይቺን ስካን አድርጋት። እኔም አሠርቼአለሁ።»

ባለሱቁ ስልኩን ያነሣል። ወደ ላይ ያያል፤ ወደ ታች ያያል፤ ስልኩን ወደ በሩ ያቀርባል፤ መልሶ ያርቃል።

«ኔትወርክ የለም» ይላል። በዚህ መካከል ሳጥኑ አዲስ ክፍያ መግባቱን ጮክ ብሎ ያውጃል።