ማስተካከያ፦ «ስፒከር አውት» ያልኩት «ሴንድ» ተብሎ ይነበብ

ባለፈው መልቲ ኢፌክት ፔዳልን (ብዙ የድምፅ ኢፌክቶችን የያዘ፣ በእግር የሚረገጥ መሣሪያ) ከቤዝ አምፕ (የቤዝ ጊታር ድምፅ ማጉያ) ጋር ስለማገናኘት ስጽፍ «ከአምፑ ስፒከር አውት ወደ ፔዳሉ ኢንፑት ሰኩ» ብያለሁ። ኧረ እንዳታደርጉት! ስፒከር አውት ስፒከሩን የሚነዳ ኃይለኛ ሲግናል ነው የሚያወጣው፤ ፔዳሉን ሊያቃጥለው ይችላል። ለማለት የፈለግኩት ሴንድ ነበር፤ ሲግናሉን ከአምፑ ወደ ኢፌክት የሚያወጣው መሰኪያ። ከሴንድ ወደ ፔዳሉ ኢንፑት፣ ከፔዳሉ አውትፑት ወደ ሪተርን (ሲግናሉን ወደ አምፑ የሚመልሰው መሰኪያ)።

ስህተቱን ያየው እዚሁ ሐዋሳ አብሮኝ የሚጫወት ልጅ ነው። ጃኩን በእጁ እንደያዘ፣ ሊሰካ ሲል ጠርጥሮ ደወለልኝ። ተመስገን ነው።

አምፓችሁ ሴንድና ሪተርን ከሌለው ችግር የለም። ቤዙን ወደ ፔዳሉ፣ ፔዳሉን ወደ አምፑ ኢንፑት። ብቻ የፔዳሉን ካቢኔት ሲሙሌሽን (የስፒከር ሳጥን ድምፅ የሚያስመስለውን) አጥፉት፤ አለዚያ ድምፁ ይታፈናል። ስትሰኩ የአምፑ ቮልዩም ዜሮ ላይ ይሁን።