ማሲንቆ ሒሳብ ክፍል ይግባ

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የአንደኛ ደረጃ ልጆች «የክወናና የዕይታ ጥበባት» ይማራሉ። ደስ ይላል። ግን ጥበብ በራሱ ክፍለ ጊዜ ታጥሮ ከቀረ፣ ሒሳቡና ሳይንሱ እንደ ድሮው በጠመኔና በቃል ጥናት ይቀጥላሉ። ለውጡ መጀመር ያለበት መምህራን ከሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ነው። የሒሳብ ሠልጣኙም ጥበብን ለማስተማሪያ ይልመድ።

ማሲንቆን እንውሰድ። የሚጮኸው የጭራ ርዝመት 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። 30ው ላይ ጣት አሳርፈህ ስትገዘግዘው ያው ድምፅ ቀጥኖ ይወጣል፤ ሙዚቀኞች ኦክታቭ የሚሉት ነው። 40 ሳንቲ ሜትሩ ብቻ እንዲጮህ ብታደርግ ደግሞ ሌላ፣ ከመጀመሪያው ጋር የሚስማማ ድምፅ ታገኛለህ። እኩሌታና ሁለት ሦስተኛ ማለት ይኼው ነው። ልጆቹ ሦስት አራተኛው የት እንደሚውል መጀመሪያ ይገምቱ፣ ከዚያ በማስመሪያ ይለኩ፣ ከዚያ ይስሙት። (አዝማሪ ቢያየን መሳቁ አይቀርም፤ ይሳቅ።)

ለጎጃም ሰው እየፈጠሩ መማር እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናቸው። የቅኔ ተማሪ ሰዋስው አጥንቶ ብቻ አይቀመጥም። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደር ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። ዛፍ ሥር ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ ይውልና መምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ ያርመዋል፣ ሲያሻውም ያፈርሰዋል። በማግስቱ ሌላ አዲስ ቅኔ ይጠበቅበታል። ቋንቋውን የሚያውቀው እየፈጠረ ነው። ዱላውንና ረሃቡን እዚያው እንተወውና ይህን እንውሰድ።

«60 ተማሪ ይዤ፣ ቀለም የለ፣ ወረቀት የለ» የሚል መምህር እውነቱን ነው። ግን ከሰልና ሸክላ አፈር በየሰፈሩ አለ። የደም ዝውውርን በሰልፍና በእስክስታ ለማሳየትም ሜዳ ይበቃል።

ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ ላይ አንድ መዝሙር አዘምሮ «በጥበብ አስተማርኩ» ማለት ግን አያስኬድም። መዝሙሩ ቢወጣ ትምህርቱ ምንም የማይጎድልበት ከሆነ ማሟሟቂያ ነው።

ኮሌጆቹ አዲስ ኮርስ መክፈት አይጠበቅባቸውም። የሳይንስና የሒሳብ ሠልጣኝ ለፕራክቲከም (ትምህርት ቤት ሄዶ ለማስተማር ልምምድ) ሲወጣ ቢያንስ አንድ ትምህርት በሥዕል፣ በድራማ ወይም በዜማ አዘጋጅቶ ያስተምር፣ ነጥብም ይያዝበት። ነጥብ ከሌለው ማንም አይሠራውም፤ እንተዋወቃለን።