ቁጥር ለመሙላት ስትሉ እንቅልፍ ነሳችሁኝ

ትናንት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተገላበጥኩ፣ ትራሱን አዞርኩ፣ በመጨረሻ ስልኬን አንስቼ «እንቅልፍ እምቢ ሲል ምን ይደረጋል?» ብዬ ፈለግኩ። ምን መጣ መሰላችሁ? «ቶሎ ለመተኛት የሚረዱ 10 ዘዴዎች፤ 9ኛው ጉድ ያሰኝሃል!» እኔ ሞኙም ከፈትኩት።

10ሩ ነጥብ 10 ገጽ ላይ ነው የተበተነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ታነባለህ፣ «ቀጣይ» ትጫናለህ፣ እስኪከፈት ትጠብቃለህ። ከ«ቀጣይ» ሥር ደግሞ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሌላ ቁልፍ አለ፤ ስትነካው ማስታወቂያ ላይ ይጥልሃል። ስትመለስ ከ1ኛው ያስጀምርሃል። ይገባኛል፣ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ማስታወቂያ ይታያል፣ ማስታወቂያ በታየ ቁጥር ሳንቲም ይገባል። ይሁን፣ ሰው ኑሮውን ይግፋ።

ደሜን ያፈላው ሌላ ነው። 2ኛው «ማታ ቡና አትጠጣ» ይላል። እሺ። 5ኛው «ጥቁር ሻይ አትጠጣ»። 8ኛው «ኮላ አትጠጣ»። ኧረ በሕግ አምላክ! ይሄ እኮ አንድ ነገር ነው! ሦስቱም ውስጥ ካፌይን አለ። ነቅተን ስንውል አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ከሚያሰኙን ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ካፌይን መቀመጫውን ይይዝበትና ድካሙ እንዳይሰማን ያደርጋል። የጠጣነው ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አለቀ። ይህቺን ቢነግሩኝ ሻዩንም ኮላውንም፣ አመሻሽ ላይ የምጠጣትን ቡናም ራሴ እደርስባት ነበር። ግን ምክንያቱ ከተነገረ ሦስቱ ነጥብ አንድ ይሆናል። አንድ ከሆነ ደግሞ 10 አይሞላም።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩ ይወሰናል፤ ሐሳብ በኋላ ይፈለግለታል። ጸሐፊው 6 ነገር ያውቃል፣ ርዕሱ 10 ይላል፣ አራቱን ከየትም ይለቃቅማል። «ራስህን ውደድ» የሚባለው ነጥብ የሚወለደው እንዲህ ነው። ስለ እንቅልፍ ይሁን፣ ስለ ትዳር ይሁን፣ ስለ መኪና ጎማ አያያዝ፣ ራስህን ውደድ አይቀርም።

ደግሞስ «ስለዚህ» የት ገባ? «ምክንያቱም»ስ? አንዱን ሐሳብ ከሌላው ማያያዝ የጸሐፊ ሥራ ነበር። አሁን ቁጥር ጣል አድርጎ መዝለል ሆኗል። 3ኛው «ከመተኛትህ በፊት ውሃ ጠጣ» ሲል፣ 7ኛው «ማታ ፈሳሽ አታብዛ» ይላል። ጎን ለጎን ቢቀመጡ በተጣሉ ነበር። በመሃላቸው ሦስት ቁጥርና የማስታወቂያ መዓት ስላለ ግን ሳይተያዩ በሰላም ይኖራሉ።

«ዝርዝር ድሮም ነበር» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ በሽታውም ነበር። የጥንት ግሪኮች 7ቱን የዓለም ድንቆች ሲቆጥሩ አንዱ የባቢሎንን ቅጥር ያስገባል፣ ሌላው እሱን አውጥቶ የእስክንድርያን የባሕር መብራት ይተካል። የሚገባው ይቀያየራል፣ 7 ግን 7 ነው። ቢሆንም አንዱን ፒራሚድ ሦስት ቦታ ከፍለው አልቆጠሩም!

ዝርዝር የሚባልን ሁሉ አልጠላም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና ያዘጋጀው አንድ ዝርዝር አለ። ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት የሚረጋገጡ ነገሮች ናቸው። ስንት ነጥብ አለው? 19። አንዲት ጨምሮ 20 ማድረግ ለማን ይከብዳል? ግን ዝርዝሩ ለሥራ ነው፤ ሥራው 19 ላይ ካለቀ 19 ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ እጅ እነሳለሁ።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ያ ጉድ ያሰኛል የተባለው 9ኛው ላይ ስደርስ ዓይኔ ደም መስሏል። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከመተኛትህ አንድ ሰዓት በፊት ስልክህን አስቀምጥ።» ስምንት ገጽ ካስገላበጠኝ በኋላ! ሙድ እየያዘብኝ ነው እንዴ? 10ኛውን አላነበብኩትም ብላችሁ ደስ ባለኝ። አነበብኩት። ራስህን ውደድ ይላል። ከሥሩ «በጠዋት ለመነሳት የሚረዱ 15 ዘዴዎች» የሚል ሌላ ነበር።

እሱንም ከፈትኩት።