የተሰበረው መቆለፊያ የማን ዕዳ ነው?

ክርክሩን ያስነሳው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከመካከላችን አንዷ ከአገር ወደ አገር ስትበር፣ አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ ፍሬን ሲይዝ፣ ከራሷ በላይ ያለው የሻንጣ ማስቀመጫ ክዳን ድንገት ተከፈተ። የሌላ ሰው ሻንጣ ወርዶ ትከሻዋ ላይ አረፈ። አጥንቷ አልተሰበረም። ጅማቷ ግን ተጎድቶ ክንዷን እንደልብ ማንሳት ካቃታት ወራት አልፈዋል። አየር መንገዱ ይቅርታ ጠየቀና ለሚቀጥለው ጉዞዋ የሚሆን ቫውቸር ላከላት። ከቫውቸሩ ጋር የሚፈረም ወረቀት አለ። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «ከዚህ ጉዳይ ጋር በተያያዘ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» ይላል።

«ልፈርም?» አለችን። በቃ፣ ሌላው ጨዋታ ሁሉ እዚያው ላይ ቆመ።

ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ቀደሙ። «ፈርሚና ተገላገዪ» አሉ። «እነሱ ጠበቃ በደመወዝ ቀጥረው የተቀመጡ ናቸው። አንቺ ክዳኑ ለምን እንደተከፈተ በምን ታስረጃለሽ? አውሮፕላኑ አሁን የት እንዳለ እንኳን አታውቂም።»

«ጋሼ፣ ለምን እንደተከፈተ ማስረዳት የእሷ ሥራ አይደለም» አለች ሕግ ያጠናችው። «የዓለም አቀፍ በረራ የራሱ ሕግ አለው። የሞንትሪያል ስምምነት ይባላል፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ተሳፋሪ በአውሮፕላን ውስጥ፣ ወይም ሲሳፈርና ሲወርድ፣ በደረሰ አደጋ አካሉ ከተጎዳ አየር መንገዱ ተጠያቂ ነው። አጥፍቷል አላጠፋም የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ላይ አይነሳም።»

«እስከ ስንት ድረስ?» አለ ወጣቱ። እሱ ምንጊዜም ቁጥር ነው የሚፈልገው።

«ከ2024 ታኅሣሥ ማብቂያ ጀምሮ እስከ 151,880 ኤስዲአር።»

ኤስዲአር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በዶላር፣ በዩሮ፣ በዩዋን፣ በየንና በፓውንድ ላይ ተመሥርቶ የሚያሰላው መለኪያ ነው። ጠቅላላው ሲመነዘር ወደ 200 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። ወጣቱ ይሄን ሲሰማ ዓይኑ በራ። «እና 200 ሺህ ዶላር ሊሰጧት ነው?»

«አይደለም። ይሄ ጣሪያ ነው እንጂ ሽልማት አይደለም። የምታገኘው ያወጣችውን የሕክምና ወጪ፣ የቀረባትን ገቢ፣ ጉዳዩን የሚያየው አገር ሕግ ከፈቀደ ደግሞ የሥቃይ ካሳ ነው። አየር መንገዱን ለመቅጣት ተብሎ የሚጨመር ገንዘብ ስምምነቱ አይፈቅድም። ደግሞ ጥፋቱ የራሷ ከሆነ፣ ቀበቶዋን ፈታ ቆማ ቢሆን ኖሮ ለምሳሌ፣ ካሳው ሊቀነስ ይችላል።»

«ታስሬ ነው የተቀመጥኩት» አለች ባለጉዳዩዋ ፈጠን ብላ።

እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ያዳመጠው በአውሮፕላን ጥገና የሚተዳደረው ሰውዬ ነው። እሱ ሲናገር ቀስ ብሎ ነው፤ ግን አይለቅም። «አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «መቆለፊያው ተሰብሯል ትላላችሁ። ማን አየው? ሻንጣ ከልክ በላይ ከተጠቀጠቀ ክዳኑ የተዘጋ መስሎ ሳይነክስ ሊቀር ይችላል። ያኔ ዕቃው ምንም እንከን የለበትም።»

«ቢሆንም አደጋ ነው» አለች የሕግ ባለሙያዋ። አንድ ጉዳይ ጠቀሰች። በ2019 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ያየው ነው። በበረራ ላይ ከአባቷ ፊት ያለው ታጣፊ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ትኩስ ቡና ተደፍቶ ሕፃን ልጅ ያቃጥላል። ጠረጴዛው ብልሽት ኖሮት ይሁን አውሮፕላኑ ተርገፍግፎ ሊታወቅ አልቻለም። ፍርድ ቤቱ የመብረር ልዩ ጠባይ ያመጣው አደጋ መሆኑ መረጋገጥ የለበትም፣ ተሳፋሪን ለማስተናገድ የቀረበ ዕቃ ጉዳት ካደረሰ ይበቃል አለ።

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። የተስማማ መስሎን ነበር። «እኔም አንድ ልንገርሽ» አለ። በ1980 ከፓሪስ ወደ ሎስ አንጀለስ የበረረች ሴት አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲወርድ በአየር ግፊቱ ምክንያት የግራ ጆሮዋ መስማት አቆመ። ከሰሰች። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1985 አልቀናትም። ለምን? የግፊት መቆጣጠሪያው እንደወትሮው በትክክል ይሠራ ነበርና። ፍርድ ቤቱ፣ ከሞንትሪያል በፊት ይሠራ በነበረው በዋርሶ ስምምነት፣ አደጋ ማለት ከተሳፋሪው ሰውነት ውጭ የመጣ፣ ያልተጠበቀ ወይም ያልተለመደ ክስተት ነው ብሎ ደነገገ። ያ አባባል ዛሬም በብዙ አገር ፍርድ ቤቶች ይጠቀሳል።

«ስለዚህ» አለ ሰውዬው፣ «ዕቃው ይበላሽ አይበላሽ ምን አገባኝ ማለት አትችሉም። ሁሉ ነገር በደንብ ሲሠራ ከነበረ አደጋ የሚባል ነገር ላይኖር ነው።»

የሕግ ባለሙያዋ ትንሽ አሰበች። እንደ እሷ ያለ ሰው ዝም ሲል ደስ ይላል፣ አልዋሽም። «እውነት ነው» አለች በመጨረሻ። «ግን ሻንጣ ራስ ላይ መውደቁ በምንም መለኪያ የተለመደ አይደለም። ጆሮ ላይ የሚሰማ ግፊት በየበረራው አለ። የሻንጣ ዝናብ የለም።»

ይሄኔ ባለጉዳዩዋ ስልኳን አወጣች። ለካ ያኔውኑ ፎቶ አንስታ ኖሯል! ቴክኒሺያኑ ስልኩን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ አሰፋው። የመቆለፊያው ምላስ በአንድ በኩል ተጣሟል። ከጎኑ ክዳኑ ላይ አንድ ጣት የምታህል ብርማ ቴፕ ተለጥፋለች፤ ጫፏ ተነስቶ ጠቁሯል፣ አቧራ ይዟል። ብዙ ካየ በኋላ «ይሄ ቴፕ የዚያን ቀን የተለጠፈ አይደለም» አለ።

ከዚያ ያብራራልን ነገር ለእኔ የዕለቱ ትልቁ ትምህርት ነበር። የበረራ አስተናጋጆች በካቢን ውስጥ የተበላሸ ነገር ሲያዩ የሚጽፉበት መዝገብ አለ። ወንበር አልተኛም ካለ፣ መብራት ከጠፋ፣ ማስቀመጫ አልዘጋም ካለ እዚያ ይሰፍራል። ወዲያው የማይጠገን ከሆነ ማስቀመጫው ባዶ ተደርጎ ይዘጋል፣ «አይሠራም» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፣ ጥገናው በቀጠሮ ይያዛል። ቴፕ ለጥፎ ሻንጣ መጫን ግን ሌላ ነገር ነው። «ከበረራው በፊት በነበሩት ሳምንታት ስለዚያ ማስቀመጫ የተጻፈ ነገር ካለ» አለ፣ «ያውቁ ነበር ማለት ነው።»

«ወርቅ ነው!» አለ ወጣቱ። «እንግዲህ አየር መንገዱን ተዉትና አምራቹን ክሰሱ። ገንዘቡ እዚያ ነው።»

ምሳሌዎቹን ደረደረ። በጥር 2024 መጀመሪያ በአሜሪካ ሰማይ ላይ ከቦይንግ 737 ማክስ 9 ጎን ተገንጥሎ የወጣውን የበር መድፈኛ አነሳ፤ መርማሪዎች አራቱም ብሎኖች እንዳልነበሩ ያረጋገጡበት ነው። በ2008 ከሲንጋፖር ወደ ፐርዝ ሲበር አንድ መሣሪያው የተሳሳተ መረጃ ልኮ ሁለት ጊዜ በአፍንጫው ወደ ታች የተወረወረውን ኤርባስ ኤ330 ጨመረ፤ ከመቶ በላይ ሰው ተጎድቶበታል። የበረራ ቁጥር 302ንም አነሳ። እሱን ሲጠራ ሁላችንም ለአፍታ ጸጥ አልን። 157 ሰው ያለቀበት አደጋ ነው፤ ቦይንግ በ2021 ከሟች ቤተሰቦች ጋር በቺካጎ ፍርድ ቤት ባደረገው ስምምነት ኃላፊነቱን ተቀብሏል።

«ልክ ነህ» አለችው የሕግ ባለሙያዋ። «እዚያ ውስጥ የሞንትሪያል ጣሪያም የለም፣ አምራቹ የሚከሰሰው በየአገሩ የምርት ጉድለት ሕግ ነው። ግን ያ ሸክም ደግሞ የአንተ ነው። ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ጉድለት እንደነበረበት ታስረዳለህ። ማስቀመጫውን የሠራው አውሮፕላኑን የሠራው ድርጅት ላይሆን ይችላል። አውሮፕላን ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይበራል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን ምርቱ ገበያ ላይ ከዋለ 10 ዓመት ካለፈው፣ በመርህ ደረጃ አምራቹን መጠየቅ ያበቃል።»

ቴክኒሺያኑ ጨመረበት። «ያንን መቆለፊያ በየቀኑ ስንት እጅ ይደበድበዋል? አምራቹ ‘እኔ ደህና አድርጌ ነው የሰጠሁት፣ አልጠገኑትም’ ይላል። ቴፑን ደግሞ አምራቹ አልለጠፈውም።»

«ላም አለኝ በሰማይ በለዋ!» አሉ ጋሼ፣ ድል እንዳደረገ ሰው እየሳቁ። እሳቸው ያሉት የጸና መስሏቸው ነው። «ስለዚህ ትፈርም።»

ጭቅጭቁ እንደገና ተጀመረ። በመሃል ባለጉዳዩዋ ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ስትሳፈር እንደምትንቀጠቀጥ ነገረችን። ለድንጋጤ ብቻ ይካሳል ወይ የሚለው እንደ ፍርድ ቤቱ ይለያያል። በ1991 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞተሮቹ በአየር ላይ ጠፍተው ተሳፋሪዎች ባሕር ልንገባ ነው ብለው በተሸበሩበት ጉዳይ፣ አካል ካልተነካ በቀድሞው የዋርሶ ስምምነት ካሳ የለም አለ። የአውሮፓው ፍርድ ቤት ደግሞ በ2022 ጤናን ክፉኛ የነካና ያለ ሕክምና የማይሻል የሥነ ልቦና ጉዳት እንደ አካል ጉዳት ይቆጠራል አለ፤ በሐኪም ማስረጃ ሲደገፍ ነው ታዲያ። የእሷ ትከሻ በሐኪም የታየ ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙም አልቆየንም።

የት ትክሰስ የሚለውም ቶሎ አለቀ። አየር መንገዱ የተቋቋመበት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለበት፣ ትኬቱ የተሸጠበት ቢሮው ያለበት፣ ወይም የጉዞው መድረሻ የሆነ አገር ይሆናል። ለአካል ጉዳት ደግሞ አየር መንገዱ የሚበርበትና ሥራ የሚያካሂድበት ከሆነ የራሷ የመኖሪያ አገር ይጨመራል። እነዚህ ሁሉ የስምምነቱ አባል አገሮች ከሆኑ ነው። አገር ውስጥ ብቻ የሚደረግ በረራ ግን በዚያው አገር ሕግ ነው የሚዳኘው።

ጋሼ እስከ መጨረሻው አልተረቱም። «ጥሩ፣ አትፈርም። ግን ምን አስቸኮላት? ይደራደሩ፣ ይጻጻፉ፣ እምቢ ሲሉ ትከሳለች።» የሕግ ባለሙያዋ በጣም የተቆጣችው እዚህ ላይ ነው። «ሁለት ዓመት ነው ያለው፣ ጋሼ! አውሮፕላኑ ከደረሰበት፣ መድረስ ከነበረበት ወይም ጉዞው ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት። ከዚያ በኋላ መብቱ ራሱ ይጠፋል።»

እኔ ብዙም አልተናገርኩም። አሁን ግን የመሰለኝን ልጻፍ።

ጋሼ ስለ ሸክሙ ተሳስተዋል። አየር መንገዱ ላይ የሚቀርብ ጥያቄ የተበላሸበትን ምክንያት የማወቅ ግዴታ ቢኖርበት ኖሮ ከመቀመጫው ያልተነሳ ተሳፋሪ መቼም አያሸንፍም ነበር። የሕግ ባለሙያዋም ትንሽ አቅልላዋለች። ለምን ሆነ የሚለውን ማስረዳት ባይጠበቅባትም፣ ምን እንደሆነ ግን ቁልጭ አድርጋ ማሳየት አለባት። ክዳኑ ተከፈተ፣ ሻንጣው ወደቀ፣ ትከሻዬ ተመታ፣ በዚህ ወንበር፣ በዚህ በረራ። ቴክኒሺያኑ በጆሮዋ ሴትዮ ያሳየን ይሄንኑ ነው። ፎቶው፣ የአስተናጋጇ ሪፖርት፣ የመሳፈሪያ ካርዱና በዚያው ሰሞን የተወሰደ የሐኪም ወረቀት ያንን ያደርጋሉ።

ለምን የሚለው ጥያቄ ዋጋ የሚያወጣው ጉዳቱ ከ151,880 ኤስዲአር ካለፈ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ላለመክፈል አየር መንገዱ ቸልተኛ እንዳልነበረ፣ ወይም ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የሌላ ወገን እንደሆነ ራሱ ማስረዳት አለበት። ያቺ የጠቆረች ቴፕ ያኔ ክፉ ምስክር ትሆንበታለች። የእሷ ጉዳት እዚያ ላይደርስ ይችላል። ትከሻው ግን ገና አልዳነም፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ይሆናል። ማለቂያው ባልታወቀ ጉዳት ላይ ዛሬ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» ብሎ መፈረም ለእኔ አይዋጥልኝም። ስለዚህ አትፈርም። ይልቅ የዚያ አውሮፕላን የካቢን መዝገብ እንዳይጠፋ በደብዳቤ ትጠይቅ፤ መዝገብ ለዘላለም አይቀመጥም።

አምራቹን በተመለከተ ወጣቱን አልደግፈውም፣ ለዚህ ጉዳይ። የንድፍ ጉድለት በሆነበት፣ አንድ ዓይነት ዕቃ በብዙ አውሮፕላን ላይ በተበላሸበት፣ ወይም ጉዳቱ ከባድ በሆነበት ጊዜ ሁለቱንም መክሰስ ተገቢ ነው። እዚህ ግን አየር መንገዱ ይክፈላት፤ ጥፋቱ የአምራቹ ነው ካለ ስምምነቱ ዞሮ አምራቹን የመጠየቅ መብቱን አልነካበትም።

ቀኑን ግን ዛሬውኑ ትጻፈው። ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀረው ጠበቃዋ ክሱን አዘጋጅቶ መጨረስ አለበት። አየር መንገዱ እስከዚያ በየወሩ «ጉዳዩን እያየነው ነው» የሚል ኢሜይል ቢልክላት ቀኑ አይገፋላትም።