ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲወጡ ወዴት ይሂዱ?

የባሕር ዳር ወላጆች፣ ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ የምናገረው ቅር ሊያሰኛችሁ ይችላል። ቢሆንም ስሙኝ።

የጠዋት ፈረቃ ልጅ እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ይወጣል። እናትና አባቱ ከሥራ የሚገቡት ወደ 12 ሰዓት ገደማ ነው። መካከሉ ግማሽ ቀን ነው። ያንን ግማሽ ቀን ልጃችሁ የት እንደሚውል ታውቃላችሁ? "ቤት ነዋ!" አትበሉኝ። ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ስልክና ቴሌቪዥን ብቻ ከሆነ ብዙም አይቆይም። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ፑል ቤት በር ላይ ቆመው እናያለን። ቤቲንግ ቤት ገብተው ሲወጡ እናያለን። ጫት በፌስታል አንጠልጥለው ሲሄዱ እናያለን። "የማን ልጅ ይሆን?" ብለን እናልፋለን። የእኛ ልጆች ናቸው!

ከዚያ ደግሞ "የዘንድሮ ልጅ አይረባም" እንላለን። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። መነኩሴው እንኳ ካልቻለ፣ የ14 ዓመት ልጅ ምንም ሳይሰጡት ስድስት ሰዓት ሙሉ በጨዋነት ይቀመጥ ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ይህ ሰዓት ሌላ አገር በደንብ ተጠንቷል። አሜሪካ ውስጥ በትምህርት ቀናት የታዳጊዎች የኃይል ወንጀል የሚበዛው ሌሊት ሳይሆን ተማሪዎች ከክፍል እንደወጡ ነው። ጆሴፍ ዱርላክና ሮጀር ዋይስበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚሰጡ ብዙ ፕሮግራሞችን መዝነዋል። በወጉ የተመሩት የልጆቹን በራስ መተማመን ከፍ አድርገዋል፤ ጠባያቸውን አሻሽለዋል፤ የትምህርት ውጤታቸውንም ጨምረዋል። በወጉ የተመሩት ማለቴን ልብ በሉ። ልጅ ሰብስቦ ማስቀመጥ ብቻውን ለውጥ አላመጣም። የጠቀሙት አንድን ችሎታ ደረጃ በደረጃ የሚያስተምሩ፣ ልጁን ራሱን የሚያሠሩ፣ ምን ለማስተማር እንደተነሡ የሚያውቁ ናቸው።

የአይስላንድን ነገር ደግሞ ስሙ። በ1998 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው 15 እና 16 ከሆኑ ልጆች 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረው እንደነበር ተናገሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ 5 በመቶ ሆነ። ስፖርት፣ ሙዚቃና ዳንስ በአሠልጣኝ እንዲሰጥ አደረጉ። የሬይክያቪክ ከተማ ለየልጁ የዚህን ክፍያ የሚሸፍን ገንዘብ መደበ። ወላጆችም ተሰብስበው ልጆቻቸው ማታ ውጭ እንዳያመሹ ተስማሙ። "እነሱ ሀብታም ናቸው" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። መሰብሰብና መስማማት ግን ሀብት አይጠይቅም።

እኛ የምናለቅሰው የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፈው ተማሪ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበር። የእኛ ልጆች ደግሞ በኮሮናና በጦርነት ያጡትን የትምህርት ጊዜ እናንተው ታውቁታላችሁ። ገንዘብ ያለው ቤት አስጠኚ ይቀጥራል። የሌለው ቤት ልጅስ ማን ያግዘው?

"ቦታ የለም፣ አስተማሪ የለም" የሚለውን መልስ እኔ አልቀበለውም። ክፍሎቹን የከሰዓት ፈረቃ ቢይዛቸውም የእድር አዳራሾች አሉ። የሰንበት ትምህርት ቤትና የመድረሳ ክፍሎች አሉ። የወጣት ማዕከል ተብለው የተሠሩ ቤቶች ምን እየተሠራባቸው እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ፔዳና ፖሊ፣ ማስተማር በሚችል ተማሪ የተሞሉ ናቸው። በክረምት በጎ ፈቃደኞች ሲያስተምሩ ልጆቻችን እንዴት እንደሚጎርፉ አይተናል። መስከረም ሲጠባ ለምን ይቆማል?

ደግሞ መንገዱ ለእኛ አዲስ አይደለም። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት የአብነት ተማሪዎች የሚማሩት ከየኔታ ብቻ አይደለም። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። በዚሁ ወግ የ11ኛ ክፍሉ ልጅ የ5ኛ ክፍሉን ሒሳብ ያስጠና። ታናሹ ትምህርት ያገኛል። ታላቁ ደግሞ "ጋሼ" መባል ይጀምራል። "ጋሼ" የሚሉት ልጆች የሚጠብቁት ወጣት በቀላሉ ሺሻ ቤት አይገባም።

"ኳስ እንጀራ አይሆንም" የምትሉ አባቶችም አላችሁ። ልጁ በኳስ፣ በቴአትር፣ በሚኒ ሚዲያ የሚማረው መሸነፍን መቻልን፣ ተራ መጠበቅን፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገርን ነው። ዋናም እንዲሁ። ሐይቅ ዳር እየኖርን ስንቶቻችን ነን ልጆቻችንን በሚያውቅ ሰው እጅ ዋና ያስተማርን? ልጆቹ እንደሆነ ተደብቀው መግባታቸው አይቀርም። ብልሃርዚያውም መስጠሙም የሚያገኛቸው ያኔ ነው።

ከሁሉ በላይ የምቆጣው በሴት ልጆቻችን ነገር ነው። ወንዱ ቦርሳውን ወርውሮ ይወጣል። እሷ ውኃ ትቀዳለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ሕፃን ታዝላለች። ማጠናከሪያ ትምህርት ቢከፈት እንኳ መጀመሪያ የምትቀረው እሷ ናት። ውጤቷ ሲወርድ "ሰነፍ" እንላታለን። እናቶች፣ ወንድ ልጃችሁን ዕቃ አሳጥቡት። አባቶች፣ እናንተም እጃችሁን አስገቡ። ሴት ልጅ ከሥራ ካልተፈታች የሚከፈተው ፕሮግራም ሁሉ የወንዶች ይሆናል።

ጠዋት ተምረው ከሰዓት ሐይቅ ዳር ለውዝ፣ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞሩትንም አትርሱ። እነዚህ ልጆች የሚመጡት ምሳ ካለ ነው። ሆቴል ያላችሁ ባለሀብቶች፣ ለሠርግ የምታበስሉትን ታውቃላችሁ። ለአርባ ልጅ ሽሮ በእንጀራ አያቅታችሁም።

እንግዲህ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ መዋጮ ብቻ አውርታችሁ አትበተኑ። የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ከትምህርት በኋላ ማን ጋ እንደሚያድር ጠይቁ። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ውስጥ ያላችሁ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ማስጀመር ትችላላችሁ። ጊዜው የሚያሰጋ ስለሆነ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያብቃ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን በየሰፈራቸው አቧድነው ይሸኙ። ወላጆች በተራ በር ላይ ይቁሙ። በእኛ ሰፈር ሰኞን እኔ ወስጃለሁ፤ ለረቡዕ ሰው እንፈልጋለን።