ዘጠኝ ካስማ ይዘው ለሚዘምቱ

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት ለስድብ የተነገረ ይመስለን ነበር። ልጆቻቸውን ይዘው ፌስቲቫል ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ የሚዘጋጁ ቤተሰቦችን ስናይ ግን ሙገሳ መሆኑ ገባን። ትኬቱ ከተገዛ ወራት አልፈዋል፤ ሻንጣው የሚከፈተው በዋዜማው፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ትልቅ ብልሃት ነው! ቀድሞ የሸከፈ ሰው የረሳውን የሚያስታውስበት ጊዜ ይተርፈዋልና በከንቱ ይጨነቃል።

ድንኳኑን ቀደም ብሎ ግቢ ውስጥ ተክሎ መሞከርማ የፈሪ ሥራ ነው። ዘንጉ መሰንጠቁን፣ 14 መሆን የነበረበት ካስማ 9 መቅረቱን ሜዳው ላይ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ልጆቹ «ራበን» እያሉ ሲያለቅሱ ማወቅን የመሰለ ምን አለ? መዶሻም አይያዝም፤ ጫማ አለ። ያሉትን 9 ካስማዎች ደግሞ አናታቸውን ወደ ድንኳኑ አጎንብሰው ይመቷቸዋል፣ እጅ የሚነሱ እንዲመስሉ። አንዳንድ ደረቅ ሰዎች አናቱ ከድንኳኑ ርቆ 45 ዲግሪ ያህል መጋደም አለበት ይላሉ፤ አለዚያ ነፋስ አውታሩን ሲስበው ካስማው በገባበት ሸርተት ብሎ ይወጣል። ይውጣ! እሱም ሊዝናና ነው የመጣው።

ከሥር የሚነጠፈውን ሸራ አያያዛቸውስ? ከድንኳኑ ወለል በየጎኑ ጥቂት ሴንቲሜትር ማነስ የነበረበትን እነሱ ግማሽ ሜትር አትርፈው በረንዳ ያወጡለታል። ሲዘንብ በረንዳው ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ ከተኙበት ሥር ያደርስላቸዋል። የቧንቧ ውሃ እንኳ እንዲህ ታዝዞ አያውቅም።

ድንኳኑ ላይ «4 ሰው» ተብሎ ተጽፏል። አምራቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚተኙ 4 ሰዎችን ቆጠረ እንጂ ሻንጣ አልቆጠረም። ስለዚህ 4ቱም ከ6 ሻንጣ ጋር ይገባሉ። ግድግዳውን የተደገፈው ልብስ ከትንፋሻቸው በተጠራቀመው ጤዛ ርሶ ያድራል፤ ያለ ሳሙና እጥበት።

ለብርዱ 3 ብርድ ልብስ ከላይ ይደረባል፤ ከሥር ምንም። የስሊፒንግ ባግ (ገብተው የሚተኙበት ወፍራም ከረጢት) ሙቀት ያለው ውስጡ በታፈነው አየር ነው፤ ጀርባ ሲጨፈልቀው አየሩ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው መሬት ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይመጠምጣል። አንድ የስፖንጅ ምንጣፍ ይበቃ ነበር፤ ቦታውን የፀጉር ማድረቂያው ያዘበት እንጂ። ኤሌክትሪክ የሌለበት ሜዳ ላይ የፀጉር ማድረቂያ! አርቆ ማሰብ እንዲህ ነው።

(እዚህ ላይ ለአፍታ ከምር እናውራ። ብርዱ ሲበረታ የከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ድንኳን ውስጥ የሚያስገባ አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ይህን ለማወደስ ብዕር አናነሳም።)

መኪናው ላይ ድንኳኑ መጀመሪያ፣ ከሁሉ በታች ይጫናል። በዝናብ ሲደርሱ ንብረቱ ሁሉ ጭቃው ላይ ካልተዘረገፈ እሱ አይገኝም። ጎረቤትም ያላቸውን ሁሉ ቆጥሮ ያውቅላቸዋል።

ልጅ ቢጠፋ ስልክ አለ። ሕዝቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲደውል መስመሩ መጨናነቁ፣ ባትሪውም ቪዲዮ ሲቀረጽበት ውሎ ማለቁ ምን ገዷቸው? ቶሎ በማይለቅ እስክሪብቶ የወላጅን ቁጥር የልጁ ክንድ ላይ መጻፍ 1 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማን ጊዜ አለው? ሕፃኑንም የጆሮ መከላከያ ሳያደርጉለት እትከሻቸው ላይ አውጥተው ከድምፅ ማጉያው ፊት ያቆሙታል፣ ሙዚቃው በደንብ እንዲሰማው።

በመጨረሻው ቀን እርጥቡ ድንኳን እንዳለ ተጠቅልሎ ከረጢቱ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ቤት ደርሶ ዘርግቶ የሚያደርቀው የለም፤ ሻጋታውም እስከ ሚቀጥለው ዓመት በሰላም ያድጋል። ከጎኑ 8 ካስማ አለ። ዘጠነኛው እሜዳው ላይ እንደተተከለ ነው።