የጸደቀ በጀት ገደብ ነው ወይስ ግምት?

የ2017 የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ ሰኔ 27 ቀን 2016 ጸደቀ። ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨመረበት። ይህ መሆን ነበረበት? አንድ የሒሳብ ባለሙያና አንዲት የኢኮኖሚክስ መምህርት ይከራከራሉ።

ባለሙያው፦ በጀት ዓመቱ አምስት ወር ሳይሞላው የበጀቱን 60 በመቶ የሚያህል ከተጨመረ፣ ምክር ቤቱ ሰኔ ላይ ያጸደቀው ምኑን ነው? ጣሪያው እንደሚነሳ የሚያውቅ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ለምን ይቆጥባል? ጭራሽ የተረፈው ተመላሽ እንዳይሆን ሰኔ ሲቃረብ ግዢው፣ ሥልጠናው፣ አበሉ ይጧጧፋል። ወጪው ከገቢው ሲበልጥ የሚመጣውን የበጀት ጉድለት ለዓመታት ብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ብድር ሲሞላ ኖረ፤ ብድሩም በዋጋ ንረት እኛው ላይ ዞረ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

መምህርቷ፦ ሳይቸግር አሉ ወንድሜ? በጀቱ በጸደቀ በወሩ፣ ሐምሌ 22፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ማዳበሪያ፣ ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ የውጭ ዕዳ የሚከፈለው በዶላር ነው። የሰኔው ቁጥር ይጠበቅ ካሉ ምን እንደሚቆረጥም ይንገሩን። ደመወዝ አይነካም፤ ዕዳ አይነካም። የሚቆረጠው ካፒታል በጀቱ ነው፤ መንገዱና የውኃ ፕሮጀክቱ ተጀምሮ ይቀራል።

ባለሙያው፦ በ2014 በ561.7 ቢሊዮን ላይ 122 ቢሊዮን ሲጨመር ጦርነት ነበር፤ እሱን አልከራከርም። የምንዛሪው ለውጥ ግን ድርድር ሲደረግበት የከረመ ጉዳይ ነው። ለምን ቀድሞ አልተሰላም?

መምህርቷ፦ እሺ፣ ዶላር ሊወደድ ነው ብሎ ምክር ቤት ፊት የሚያነብ የገንዘብ ሚኒስትር የት አለ? በማግሥቱ ባንክ ውስጥ ዶላር የሚባል ነገር አይገኝም ነበር። ገደብ ይኑር ካሉ ጉድለቱ በሚሞላበት መንገድ ላይ ይሁን። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥታ ብድር ካለፈው ዓመት ብድር ሲሶ እንዳይበልጥ አደረገ። ለገበያተኛው ከበጀቱ ድምር ይልቅ ይኼ ይበልጥበታል።

ባለሙያው፦ የብድሩን ገደብ እደግፋለሁ፤ ግን አይበቃም። ዋጋ ሲንር የግብር ገቢውም በብር ያብጣል። ወጪው አብሮት ሲያብጥ ጉድለቱ ደህና መስሎ ይታያል። ደግሞ የተጨመረው መች ተመልሶ ወረደ? የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ሆኖ መጣ። ምንዛሪ ስለተለወጠ ይጨመር ከተባለ፣ በዶላር ለሚከፈለው ብቻ በዝርዝር ተሰልቶ ይጨመር። የቀረው መሥሪያ ቤት ሰኔ ላይ በተፈቀደለት ይደር።

መምህርቷ፦ ሠራተኛውስ? የቤት ኪራይና ዘይት ሲወደድበት በሰኔው ደመወዝ ይደር? ተጨማሪው በጀት እኮ የደመወዝ ማሻሻያንም ይዟል። እሱን ከዝርዝርዎ ካወጡት ጣሪያው የሚጠበቀው በሠራተኛው ጉሮሮ ነው።